«ወገቡ እንደገና ይከፈት» ሲባል

ባለፈው ክረምት የአክስቴ ልጅ ከጎንደር ደወለችልኝ። «የወንድም ጋሼ ኦፕራሲዮን ተበላሽቷል፤ ወገቡ እንደገና ይከፈት ይላሉ። እናንተ ውጭ ያላችሁት ተረዳድታችሁ ላኩ» አለችኝ። ወንድሜን ማለቷ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው፤ እንጀራዬም በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሰው እያነሡ ማስቀመጥ ነው። የእኔም ወገብ ሁለት ጊዜ ተከፍቷል። ስለዚህ ስንት ብር እንደሚያስፈልግ ከመጠየቄ በፊት «ለምን ይከፈታል? ሐኪሙ ምን አገኘበት?» አልኳት። «ያመዋል እኮ! ሌላ ምን ያግኝበት?» አለችኝ።

ብዙ ቤተሰብ ግራ የሚጋባው እዚህ ላይ ነው። ሕመም ብቻውን የአከርካሪን ቀዶ ሕክምና ለመድገም ምክንያት አይሆንም። ሕመሙን ያመጣው ነገር ተለይቶ መታወቅ አለበት፤ ያ ነገር ደግሞ በቀዶ ሕክምና የሚስተካከል መሆን አለበት። ምክንያቱ ሳይታወቅ የተከፈተ ወገብ የመሻል ዕድሉ ጠባብ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው በተደጋገመ ቁጥርም ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል።

የእኔ የዲስክ ነበር። በሁለት አከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ዲስክ ተሰንጥቆ ውስጡ ወጣና ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ ተጫነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሐኪም የሚያወጣው ያፈተለከውንና የላላውን ቁራጭ ብቻ ነው። የቀረው ዲስክ እዚያው ይኖራል፤ የተሰነጠቀው ጠርዝም እንደ ቀድሞው አይጠነክርም። በዚያው ስንጥቅ ሌላ ቁራጭ ሊወጣ ይችላል። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከ100 ታካሚዎች ከ5 እስከ 15 የሚሆኑት ይህ ይደርስባቸዋል። እኔም ከሕመሙ ተገላግዬ ወደ ሥራ ከተመለስሁ በኋላ፣ አንድ ሌሊት አንዲት እናት ከአልጋ ወደ ወንበር ሳዛውር ያው ግራ እግሬ ከዳሌዬ እስከ ትንሿ ጣቴ ነደደኝ። ሐኪሟ በደም ሥሬ መድኃኒት ሰጥተው ኤምአርአይ አስነሡኝ። መድኃኒቱ ጠባሳን ከዲስክ ይለያል፤ ጠባሳ ደም ስለሚደርሰው መድኃኒቱን ስቦ ያበራል፣ አዲስ የወጣ የዲስክ ቁራጭ ግን እንደጠቆረ ይቀራል። ቁራጭ ከሆነ ይወጣል። ነርቩን የያዘው ጠባሳ ከሆነ ግን እንደገና መክፈት ሌላ ጠባሳ ከመጨመር አልፎ እምብዛም አይፈይድም። የእኔ ቁራጭ ነበር፤ ወጣ፤ እግሬም ዳነ። የመጀመሪያው ሐኪም ያበላሸው ነገር አልነበረም።

ለጥምቀት ጎንደር ገባሁ። ወንድሜ ዕድሜውን የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ፣ ሊማሊሞን በሌሊት የሚወርድ ሰው ነበር። አሁን አዘዞ ድረስ መጥቶ ሊቀበለኝ እንኳ አልቻለም። ቤት ስደርስ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ አገኘሁት። ለመቀመጥ የወንበሩን መደገፊያ በሁለት እጁ ይዞ፣ ከንፈሩን ነክሶ፣ ቀስ እያለ ይወርዳል። በባጃጅ በድንጋይ ንጣፉ መንገድ ከሄደማ ማታውን እንቅልፍ የለውም። ለከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ሲወርዱ እልልታው ቤታችን ድረስ ይሰማል፤ እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ያዳምጣል። ይህን ማየት ከበደኝ።

ቡናው ሳይፈላ ጎረቤታችን እትዬ አንድ ወጌሻ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ስንቱን ስብራት የጠገኑ ሰው ናቸው፤ በቅቤ ቢያሹት ምን ይጎዳዋል?» አሉኝ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ እትዬ፤ ይህ ወገብ ግን ውስጡ ብረት አለበት፤ እጅ አይንካው» አልኋቸው። አዛውንቱ ወጌሻ ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ሰበሰቡ። «ብረት የገባበት የእኔ ሥራ አይደለም» አሉና ቡናቸውን ጠጥተው፣ መርቀውን ሄዱ። ለእኚህ ሰው ያለኝ አክብሮት ትልቅ ነው።

ከዚያ ወንድሜን አንድ ነገር ጠየቅሁት፤ «ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በመሃል ደኅና የሆንህበት ጊዜ ነበር?» ይህን ጥያቄ ያስተማሩኝ የእኔ ሐኪም ናቸው። አንድም ቀን ያልተሻለው ሰው ነርቩ በደንብ አልተላቀቀ ይሆናል፤ ወይም ሕመሙ ከመጀመሪያውም የመጣው ከሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ ከዳሌ መጋጠሚያ፣ ነው። ተሽሎት ቆይቶ ያው የእግሩ ሕመም በድንገት የተመለሰበት ዲስኩ እንደገና ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ከዓመታት በኋላ አዲስ ቦታ ላይ የጀመረው ደግሞ፣ በቀዶ ሕክምና እንዲጋጠም የተደረገው አጥንት ስለማይታጠፍ ጫናው ከላይና ከታች ወዳለው ዲስክ ዞሮ ይሆናል። እነዚህ ፍንጭ ናቸው እንጂ ምርመራ አይደሉም፤ ነገር ግን ሐኪሙን ወደየት እንዲመለከት ይመሩታል።

ወንድሜ «ለጥቂት ወራት ደኅና ነበርሁ» አለ። «ከዚያ ስቆምና ስዞር ውስጡ ያመኛል፤ ስተኛ ይተወኛል። እግሬ ምንም አይል።» አከርካሪው ከቦታው ተንሸራቶ ስለነበር በብሎንና በዘንግ ታስሮለታል። ብረቱ ግን ለዘለቄታው አይደለም፤ አጥንት ከአጥንት ጋር እስኪገጥም ድረስ የሚይዝ ነው፤ መግጠሙም ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይወስዳል፤ አንዳንዴም ከዚያ ይረዝማል። አጥንቱ ካልገጠመ ሸክሙ ሁሉ ብረቱ ላይ ይቀራል፤ ሽቦ ወዲያና ወዲህ ሲታጠፍ ቆይቶ እንደሚበጠስ ዘንጉም ይሰበራል፣ ወይም ብሎኑ ይላላል። ሲጋራ፣ ያልተስተካከለ ስኳርና የአጥንት መሳሳት የአጥንትን መግጠም ከሚያሰናክሉት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ወንድሜ ስኳር አለበት። ሲጋራውንም አልተወም።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ የተከፈተባት ከተማ ናት፤ «ሕንድ ካልሄደ» ለሚሉት ዘመዶቼ ይህን አስታወስኋቸው። ሲቲ ስካን ተነሣ። ሐኪሙ ፎቶውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥተው በጣታቸው አሳዩን፤ በታችኛው ብሎን ዙሪያ ቀጭን ጥቁር ቀለበት አለ። አጥንቱ ከብሎኑ ሸሽቷል ማለት ነው። ኢንፌክሽንም ብሎን ሊያላላ ስለሚችል የደም ምርመራ አዘዙ፤ ውጤቱ ንጹሕ ሆነ። እንግዲህ ወንድሜ በእርግጥ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ያስፈልገዋል። አሁን ግን ምክንያቱን እናውቀዋለን።

ጊዜ የማይሰጡ ምክንያቶችም አሉ፤ ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት ሰዓታት እግር እየደከመ ከሄደ ደም ተጠራቅሞ ነርቭ እየተጫነ ሊሆን ይችላል። በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት፣ ከቁስሉ የሚወጣ መግል፣ ሌሊት የሚብስ ሕመም ከመጣ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ መጠርጠር አለበት። ሲቆሙ የሚጀምር፣ ሲተኙ የሚተው ራስ ምታትና ከቁስሉ የሚወጣ ንጹሕ ውኃ የኅብለ ሰረሰር ፈሳሽ እየፈሰሰ እንደሆነ ያመለክታል። ሽንት መሽናት ካቃተ፣ ወይም በጭኖች መካከልና በመቀመጫ አካባቢ ስሜት ከጠፋ፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መሄድ ነው። ለጠበሉ በኋላ ይደረሳል፤ ይህን የምለው ጠበል የምጠጣ ሰው ሆኜ ነው።

የወንድሜ ሐኪም ቀን አልቆረጡለትም። መጀመሪያ ሲጋራው ይቅር፣ ስኳሩ ይስተካከል፣ አለዚያ ሁለተኛውም አይገጥምም አሉ። ከዚያ የላላው ብሎን ወጥቶ ወፍራም ይገባል፤ ከዳሌው አጥንት ተወስዶም ይደረብለታል። ስለዚህ ቤተሰቡ ያዋጣውን ገንዘብ ባንክ አስቀምጠን፣ ለጊዜው የስኳር መለኪያና መድኃኒት ገዛንለት። ወንድሜ ሲጋራውን መቀነስ ጀምሯል፤ ሚስቱ እየተቆጣጠረችው ነው።

አሁን የምንፈልገው የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና ዘገባ ነው። የትኛው አጥንት እንደታሰረና ብሎኑ ምን ዓይነት እንደሆነ የተጻፈው እዚያ ላይ ነው። የብሎን ዓይነት ብዙ ነው፤ ብዙዎቹ የሚፈቱት በየራሳቸው መፍቻ ስለሆነ ሐኪሙ ዓይነቱን አስቀድመው ማወቅ ይፈልጋሉ። ወንድሜ ሲወጣ የሰጡት የመድኃኒት ማዘዣ ብቻ ነበር። የአክስቴ ልጅ የውክልና ደብዳቤ ይዛ በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ሕክምናው ወደተሠራበት ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች፤ የመንገዷን እኔ ችያለሁ።