ኤፕሶም ሶልትና የደከመ እግሬ

የምሠራው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ ሆቴል ቤት ነው። ክፍል አጸዳለሁ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ቆሜ፣ ጎንበስ ቀና ብዬ፣ ጋሪ ገፍቼ ቤቴ ስገባ ከሁሉ በፊት የሚያመኝ እግሬ ነው። ተረከዜ ተሰነጣጥቆ ነበር። ካልሲ ሳጠልቅ ንቃቃቱ ክሩን ይይዘዋል። በብርዱ ወራት ደግሞ ይደማል።

ኤፕሶም ሶልት የሚባለውን ያስተዋወቁኝ አብረውኝ የሚሠሩ አንዲት ትልቅ ሴት ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን ሳነክስ አዩኝና «ልጄ፣ ፋርማሲ ግቢና ያንን ነጩን ጨው ግዢ። ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ እግርሽን ዘፍዝፊው» አሉኝ። እሳቸው የለመዱት ቤሩት ሲሠሩ ነው። እዚያ በአረብኛ «የእንግሊዝ ጨው» ነው የሚሉት።

ስሙ እውነትም ከእንግሊዝ የመጣ ነው። ኤፕሶም ከለንደን በስተደቡብ ያለች ከተማ ናት። እንደሚተረከው በፈረንጆቹ 1618 አንድ ከብት ጠባቂ ላሞቹ ጠምቷቸው እንኳ የአንድ ጉድጓድ ውሃ አንጠጣም ሲሉ ተመለከተ። ውሃው መራራ ነበር። በኋላ ሰው ሆዱን ለማጠብ ሊጠጣው፣ ቁስሉንም ሊያጥብበት ወደዚያ ይጎርፍ ጀመር። እኛ ወደ ፍልውሃና ወደ ሶደሬ እንደምንሄደው ማለት ነው። በ1695 ነህምያ ግሩ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለዚህ መራራ ጨው ጽሑፍ አሳተመ። ከወጥ ጨው ጋር የሚጋሩት ስም ብቻ ነው። የወጥ ጨው ሶዲየም ክሎራይድ ሲሆን ይሄ ማግኒዚየም ሰልፌት ነው።

የመጀመሪያው ቀን አልተሳካልኝም። ሳፋውን አወጣሁ፤ የፈላ ውሃ ቀላቀልኩ፤ ከጨዉ በዛ ሲል ይሻላል ብዬ ሦስት ኩባያ ገለበጥኩበት። ከዚያ እግሬን ነክሬ ስልክ ሳወራ አንድ ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አወጣሁት። ንቃቃቱ ውስጥ ገብቶ አንገበገበኝ። ማታውን እግሬ ተጨማዶ፣ ጠዋት ደግሞ እንደ ብራና ደርቆ አገኘሁት። ለሁለት ቀን ብሶብኝ ሰነበተ።

እትዬ ሲሰሙ አዘኑ። «ሞቅ ያለ ውሃ አልኩሽ እንጂ መቼ ቀቅዪው አልኩሽ!» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በራሴ እያየሁ መጠኑን አስተካከልኩ። አሁን አራት ሊትር ያህል ውሃ ባለበት ሳፋ ግማሽ ኩባያ ጨው እጨምራለሁ። ውሃው ሕፃን ልጅ የሚታጠብበት ዓይነት ነው፤ ክንዴን ስነክርበት ደስ የሚል ሙቀት ብቻ ይሰማኛል። 15 ደቂቃ እቆጥራለሁ። ከ20 ደቂቃ አላሳልፍም። የሚደማ ንቃቃት ካለኝ እስኪድን ጨዉን እተዋለሁ።

ዋናው ሥራ ግን የሚጀምረው ከሳፋው ከወጣሁ በኋላ ነው። ይህን ለመረዳት ወራት ፈጅቶብኛል። ውሃው ደረቁን ቆዳ ያለሰልሰዋል፤ ያን ጊዜ የእግር መፈተጊያ ድንጋይ ይዤ ተረከዜን በቀስታ እፈትገዋለሁ። አንዴ በኃይል ፈትጌ ቆዳዬን ልጬዋለሁና አሁን እጄ ቀለል ያለ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውሃ አለቀልቃለሁ፤ ጨው ቆዳው ላይ ከደረቀ ያደርቃል። በፎጣ አደርቀውና ገና እርጥበቱ ሳይጠፋ ቫዝሊን ወፈር አድርጌ ቀብቼ የጥጥ ካልሲ አጠልቃለሁ። በሳምንት ሁለቴ እንዲህ ሳደርግ ከወር ባነሰ ጊዜ ተረከዜ ገጠመ። ካልሲ መያዙን ተወ። አገር ቤት እናቶቻችን ማታ ማታ እግር አጥበው ቅባት የሚቀቡን ለካ ይህንኑ ነው።

ታዲያ እግሬን ያዳነው ጨዉ ነው? በሙሉ ልብ አልልም። ማግኒዚየሙ በቆዳ ሰርጎ ጡንቻን ያፍታታል ተብሎ ብዙ ይወራል። እኔም አምኜ ለሰው ሁሉ ስናገር ነበር። ነገር ግን ቆዳችን ተፈጥሮው መከላከያ ነው። እግር ነክሮ በመቀመጥ በቂ ማግኒዚየም ወደ ሰውነት እንደሚገባ የሚያሳይ ጠንካራ ማስረጃ የለም። ሥራ በበዛበት አንድ ሳምንት ጨው አልቆብኝ በሙቅ ውሃ ብቻ ተጠቀምኩ። ድካሙ በዚያም ወጣልኝ። ሙቀቱ፣ ቁጭ ማለቱ፣ ለ15 ደቂቃ ማንም አለመጥራቱ ትልቅ ድርሻ አለው። ጨዉን ግን አልተውኩትም። ጥቂት ዶላር ነው፤ ውሃውንም ደስ ያሰኘዋል።

ለውበት ብዬ የሞከርኳቸውም አሉ። ሁለት እጅ ጨው ከአንድ እጅ የኮኮናት ዘይት ጋር ለውሼ ክርኔንና ጉልበቴን አሸዋለሁ፤ ይህ በጣም ይስማማኛል። መታጠቢያው ውስጥ ከሆነ ግን ዘይቱ ወለሉን ያንሸራትታል፤ ወዲያው በሳሙና ማጠብ ነው። እግሬን በተላጨሁ ቀን አልነካውም፤ ይለበልባል። ፊቴ ላይ አንዴ ሞክሬ ቀላ፤ የጨዉ ቅንጣት ለፊት ቆዳ ሻካራ ነው። ፀጉር ያበዛል ሲሉ ሰምቼ ከኮንዲሽነር ጋር ቀላቅዬ ቀብቼው ነበር። እንደኛ ያለ ከርዳዳ ፀጉር ቅባት እንጂ ጨው አይፈልግም። ገለባ አደረገው።

አሁን ስለመጠጣቱ ልናገር፤ ይህ የምር ነገር ነው። አንዲት የማውቃት ሴት «ሆድ ይጠርጋል፣ ክብደት ይቀንሳል» አለችኝና አንድ እሑድ በባዶ ሆዴ በጥብጬ ጠጣሁ። ምሬቱ ኮሶን ያስታውሳል። ሰዓት ሳይሞላ ሆዴ ተላወሰ፤ እስከ ማታ ከመጸዳጃ ቤት አልራቅኩም። ራሴን አዞረኝ፤ አፌ ደረቀ። የወረደው ውሃ እንጂ ስብ አልነበረም፤ ውሃ ስጠጣ ኪሎዬ ተመለሰ። በኋላ ላይ ነው የማሸጊያውን ጀርባ ያነበብኩት። እውነትም ሆድ እንደሚያስቀምጥ መድኃኒት ይሸጣል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪም ሳያማክር እንዳይወስደው ተጽፏል። ትርፉን ማግኒዚየም የሚያስወጣው ኩላሊት ነው፤ ኩላሊት ከደከመ ደም ውስጥ ይከማቻል፤ ሲበዛ ትንፋሽንና ልብን ያደክማል። እህቴ አዲስ አበባ ልትወልድ ስትል ደም ግፊቷ አሻቅቦ ሐኪሞቹ እንዳያንቀጠቅጣት የሰጧት መርፌ ይኸው ማግኒዚየም ሰልፌት ነበር። ሲሰጧት ትንፋሿን እየቆጠሩ፣ ጉልበቷን በመዶሻ መታ መታ እያደረጉ፣ ሽንቷን እየለኩ ነበር። በሐኪም እጅ እንዲህ የሚጠበቀውን ነገር እኔ ኩሽና ቆሜ በማንኪያ ገምቼ ጠጣሁት።

ከሁሉም ግን ልቤን የነካኝ የእናቴ ነገር ነው። ባለፈው ዓመት ልትጠይቀኝ ከአዲስ አበባ መጣች። ስኳር ካለባት ቆይቷል። ከረጅም በረራ በኋላ እግሯ አብጦ ሳየው ደስ ይበላት ብዬ ሳፋውን አዘጋጀሁ። ጨዉን ጨመርኩ። «እማዬ፣ ሞቀሽ?» አልኳት። «ኧረ ምንም አይል፣ ደህና ነው የኔ ልጅ» አለች። እግሯን ላሻት እጄን ስሰድ ውሃው ፈጀኝ። ደንግጬ እግሯን አወጣሁት። እስከ ቁርጭምጭሚቷ ቀልቶ ነበር። እሷ ምንም አልተሰማትም።

እግዚአብሔር ይመስገን አላቃጠላትም። በነጋታው ክሊኒክ ወሰድኳት። ነርሷ እግሯን በቀጭን ክር መሰል ነገር እየነካካች «ይሰማዎታል?» ትላታለች፤ እናቴ ዓይኗን ጨፍና ዝም። ስኳሩ የእግሯን ነርቭ ጎድቶታል። ነርሷ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን። ስኳር ያለበት ሰው እግሩን መዘፍዘፍ የለበትም፤ በጨውም፣ ያለ ጨውም። ሙቀቱ ሳይታወቅ ያቃጥላል። መዘፍዘፉ ቆዳውን ያደርቀዋል፤ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ ጀርም ይገባል። የማይሰማ ቁስል ደግሞ ሳይታይ ይሰፋል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያንን ሳፋ አላቀርብላትም ነበር። ስለ ስኳሯ አውቅ ነበር፤ ስለ ኤፕሶም ሶልትም የማውቅ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱን አገናኝቼ አስቤ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እስክትመለስ ድረስ እግሯን በየቀኑ ያጠብኳት እኔ ነኝ። ለብ ያለ ውሃ፣ ቀላል ሳሙና፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ። ሙቀቱን በክንዴ እለካለሁ። ጣቶቿን አንድ በአንድ አደርቃለሁ፤ በጣቶቿ መሃል እርጥበት እንዳይቀር። ከላይና ከታች ቅባት እቀባታለሁ፤ በጣቶቿ መሃል ግን አልቀባም። ከዚያ ውስጥ እግሯን ወደ መብራቱ አዙሬ የተላጠ ወይም የቀላ ነገር እንዳለ አያለሁ። እናቴ እንዲህ ሳደርግላት አንገቴን ደባብሳ ትመርቀኛለች።

አሁን አዲስ አበባ ያለችው ታናሽ እህቴ ናት የምታጥባት። ማታ ማታ በቪዲዮ እንደዋወላለን። ስልኩን ወደ እግሯ ታዞርልኛለች፤ ውስጥ እግሯን አብረን እናያለን።