ለስላሳው ግራፍ

ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

አዳማ፣ ግንቦት፣ ከምሳ በኋላ። ክፍሉ እንደ ምጣድ ግሏል። የማማክረው ተማሪ የመመረቂያ ሥራውን ሊያቀርብ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሥራው በኑክሌር ሪአክተር እምብርት ውስጥ ተቀምጦ ኃይሉን የሚከታተል፣ ሮዲየም ከሚባል ብረት የተሠራ ዲቴክተር ሲግናሉ ሲዘገይ መዘግየቱን ማካካስ ነው። ሪአክተር የለንም፤ ሁሉም በሲሙሌሽን ነው።

የሮዲየም ጣጣ መዘግየቱ ነው። ኒውትሮን ሲውጥ ሮዲየም 104 ይሆናል፤ ከዚያ ቤታ (ፈጣን ኤሌክትሮን) እየለቀቀ ወደ ፓላዲየም ይለወጣል። የምንለካው ከረንት በዋናነት ከዚያ ቤታ ነው የሚመጣው። የሮዲየም 104 ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ግማሹ እስኪለወጥ የሚፈጀው ጊዜ፣ 42 ሰከንድ ነው። ጥቂቱ ደግሞ ከ4 ደቂቃ በላይ ግማሽ ዕድሜ ባለው ሌላ መንገድ ዞሮ ይመጣል። ስለዚህ ኃይሉ ድንገት ቢወርድ፣ ዲቴክተሩ ከ42 ሰከንድ በኋላ የለውጡን ግማሽ ገደማ ቢያሳይ ነው። ኦፕሬተሩ የሚያየው ያለፈውን ነው።

ልጁ በካልማን ፊልተር (ከልኬት ተነስቶ እውነተኛውን ዋጋ በሚገምት የሒሳብ ዘዴ) መዘግየቱን ወደ ጥቂት ሰከንድ አወረደው። ግን ማካካሻው ለውጡን ሲያጎላ ኖይዙንም (የልኬቱን የዘፈቀደ መዋዠቅ) አብሮ ያጎላዋል። መስመሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።

አንድ ታላቅ ባልደረባዬ ገብተው ስክሪኑን አዩ።

«ይሄ ምን የሚሉት መንቀጥቀጥ ነው? አለስልሱት እንጂ።»

«ዶክተር፣ ካለሰለስነው ተመልሶ ይዘገያል» አለ ልጁ።

«ገምጋሚ የሚያየው ግራፍ ነው። ንጹሕ ግራፍ አምጡ።»

ልጁ ዞር ብሎ እኔን አየ። ልክ እሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ታላቅን መጋፋት ከበደኝ። «በቃ፣ የ60 ሰከንድ አማካይ ውሰድበት» አልኩት።

«እሺ መምህር» አለ።

በማግስቱ መስመሩ እንደ ሐር ነበር። ከውጭ የመጡት ገምጋሚ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ጠየቁት፦ «ኃይሉ የወረደው በ100ኛው ሰከንድ ነው ብለሃል። ያንተ ሲግናል ግማሽ መንገድ የደረሰው ከ130ኛው በኋላ ነው። ታዲያ ምኑን አካካስከው?»

ልጁ ዝም አለ። ዶክተሩ ስልካቸውን ይነካኩ ነበር። «አማካዩን ያስጨመርኩት እኔ ነኝ» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ገምጋሚው ሲወጡ ተከትዬ የመጀመሪያውን ግራፍ አሳየኋቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ይሄንን ነበር ማቅረብ» አሉኝ። ውጤቱ ግን ቀድሞ ገብቶ ነበር።

ማታ ፍራንኮ አካባቢ ልጁን አግኝቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። አልተቆጣም።

«መምህር፣ እርስዎ እኮ ያውቁት ነበር» አለኝ።