ለመርዳት የሚገደድ ሰው ጥበቃም ይገባዋል

በጅማ በጥብቅና ሥራ ላይ ስኖር ደንበኞቼ ሲሰሙት ከሚደነቁባቸው ድንጋጌዎች አንዱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 575 ነው። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው ይህ ሕግ፣ ሕይወቱ፣ አካሉ ወይም ጤናው ለከባድና ለተቃረበ አደጋ የተጋለጠን ሰው፣ ራሱንም ሆነ ሌላውን አደጋ ላይ ሳይጥል ሊረዳው እየቻለ ሆነ ብሎ ያለ እርዳታ የተወ ማንኛውም ሰው በቀላል እሥራት ወይም በመቀጮ እንደሚቀጣ ይደነግጋል። ተጠያቂ ለመሆን ሐኪም ወይም ዘመድ መሆን፣ ወይም ለአደጋው ምክንያት መሆን አያስፈልግም፤ መቻልና መተው ይበቃሉ። ድንጋጌውን እደግፈዋለሁ። ነገር ግን አንቀጹ የሚናገረው ስላልረዳው ሰው ብቻ ነው፤ ለመርዳት ሞክሮ ስላልተሳካለት ሰው የሚለው ነገር የለም። ክፍተቱ ከምንም በላይ ጎልቶ የሚታየኝ፣ ልቡ በድንገት የቆመን ሰው በሕዝብ ቦታ በተቀመጠ ዲፊብሪሌተር ስለመርዳት ሳስብ ነው።

የመሣሪያው አሠራር ካልታወቀ የሕጉ ጉዳይም ግልጽ ስለማይሆን በዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ። በብዙ አጋጣሚዎች ድንገተኛ የልብ መቆም የሚጀምረው ልብ ፈጽሞ ዝም በማለቱ ሳይሆን፣ የኤሌክትሪክ ሥርዓቱ ተዛብቶ የታችኞቹ ክፍሎቹ ያለ ቅንብር በመንቀጥቀጣቸውና ደም መርጨት በማቆማቸው ነው። ሰውየው በሴኮንዶች ውስጥ ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ትንፋሹም ይቆማል፣ ወይም የማጣጣር ያህል ይቆራረጣል። ለሕዝብ አገልግሎት የሚቀመጠው ዲፊብሪሌተር፣ ባለሙያዎች ኤኢዲ የሚሉት፣ ደረት ላይ በሚለጠፉ ሁለት ፓዶች የልብን ምት ራሱ ያነብባል። የኤሌክትሪክ ንዝረት ሊያስተካክለው የሚችል መዛባት ሲያገኝ ንዝረቱን ይሰጣል፣ ወይም ረዳቱ ቁልፉን እንዲጫን በድምፅ ያዛል፤ እንዲህ ያለ መዛባት ካላገኘ ግን ንዝረት አይሰጥም። ስለዚህ አንድ ተላላፊ መንገደኛ በመሣሪያው ጤነኛን ሰው ይገድላል የሚለው ስጋት በአብዛኛው መሠረት የለውም።

ደቂቃዎቹ ግን እውነተኛ ስጋት ናቸው። ደረት የመጫን እርዳታና ንዝረት ሳይሰጥ በሚያልፍ በእያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድል ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2000 በአሜሪካ የቁማር ቤቶች ላይ የተሠራ አንድ የታወቀ ጥናት፣ ልባቸው በዚህ ዓይነት መዛባት ምክንያት ቆሞ ሰው እያያቸው ከወደቁት መካከል በ3 ደቂቃ ውስጥ ንዝረት ካገኙት 74 በመቶው፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ ካገኙት ደግሞ 49 በመቶው በሕይወት ከሆስፒታል መውጣታቸውን አሳይቷል። መሣሪያውን የተጠቀሙት ሐኪሞች ሳይሆኑ የሠለጠኑ የጥበቃ ሠራተኞች ነበሩ። ሐሙስ ዕለት የሄርማታን ገበያ የሚያውቅ የጅማ ሰው፣ በዚያ ሕዝብና በዚያ የባጃጅ ሰልፍ መካከል ለ907 ተደውሎ አምቡላንስ በ3 ደቂቃ ይደርሳል ብሎ አይጠብቅም። ሰውየው የሚተርፈው አጠገቡ የቆመው ሰው እጁን ከዘረጋ ብቻ ነው።

ያ ሰው ግን እጁን ለመዘርጋት ይፈራል። በአንድ ለቅሶ ላይ አንድ አዛውንት ከድንኳኑ ወንበር ወድቀው ራሳቸውን ሲስቱ፣ የመጀመሪያ ሕክምና እርዳታ ሥልጠና የወሰደ አንድ የሰፈራችን ወጣት ሁለት እርምጃ ቀርቦ ቆመ፤ ሌሎች አንሥተው በባጃጅ እስኪወስዷቸው ድረስም አልነካቸውም። በኋላ ለብቻችን ስንሆን፣ «ጋሼ፣ በእጄ ላይ ቢሞቱስ? ፖሊስ መጀመሪያ የሚጠይቀው እኔን አይደለም ወይ? ልጆቻቸውስ የጎድን አጥንታቸውን የሰበረው እሱ ነው ቢሉኝ ምን እላለሁ?» አለኝ። አልወቀስኩትም፤ ጥያቄው የሕግ ጥያቄ ነውና። ደረት በትክክል ሲጫን የጎድን አጥንት ሊሰበር እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 2028 ደግሞ በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያዛል። ወጣቱ ጥፋተኛ እንደማይባል እኔ በክርክር ላስረዳ እችላለሁ፤ እሱ ግን በዚያች ቅጽበት ጠበቃ አጠገቡ አልነበረም።

ስለ ዲፊብሪሌተር የወጡት የሌሎች አገሮች ሕጎች የሚጀምሩት ከዚህ ፍርሃት ነው። በአሜሪካ ፍሎሪዳ እ.ኤ.አ. በ1997 መንገዱን ከፈተች፣ ሌሎቹ ግዛቶችም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተከተሏት፤ በ2000 የፌዴራሉ ምክር ቤት ባወጣው ሕግ ደግሞ መሣሪያውን በአደጋ ጊዜ የተጠቀመም ሆነ ገዝቶ ያስቀመጠ ሰው ከፍትሐ ብሔር ኃላፊነት ተጠበቀ። በዚህ ሕግ የምወደው ጥበቃውን በነፃ አለመስጠቱን ነው። ሆነ ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት የተፈጸመ ድርጊት አይጠበቅም። መሣሪያውን ያስቀመጠው ድርጅትም ቦታውን ለአካባቢው የድንገተኛ አገልግሎት ካላሳወቀ፣ መሣሪያውን ካላስጠገነና ካልፈተሸ፣ ወይም ይጠቀሙበታል ተብለው ለሚጠበቁ ሠራተኞቹ ተገቢውን ሥልጠና ካልሰጠ፣ በዚህም ጉድለት ጉዳት ከደረሰ፣ ጥበቃውን ያጣል። ማንንም ግዛ ሳይል፣ የገዛው ግን በአግባቡ እንዲይዝ የሚያደርግ ብልሃት ነው።

ይሁን እንጂ የአሜሪካ ሕግ ከእኛ ጋር በሥሩ ይለያያል፤ በአብዛኞቹ ግዛቶቿ መንገደኛ የማያውቀውን ሰው እንዲረዳ የሚያስገድድ አጠቃላይ ግዴታ የለም። ለእኛ የሚቀርቡን እንደኛው አለመርዳትን በወንጀል የሚቀጡት ፈረንሳይና ጣሊያን ናቸው። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2007 ባወጣችው ድንጋጌ ሐኪም ይሁን አይሁን ማንኛውም ሰው መሣሪያውን እንዲጠቀም ፈቀደች፤ በ2018 ደግሞ የትኞቹ የሕዝብ መገልገያ ተቋማት መሣሪያው ሊኖራቸው እንደሚገባ ወሰነች። በሐምሌ 2020 ባጸደቀችው ሕግ ልቡ የቆመን ሰው በነፃ ፈቃዱ የሚረዳ ዜጋ ለሕዝብ አገልግሎት እንደተባበረ እንዲቆጠርና ከባድ ወይም ሆነ ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት ከሌለበት ካሣ እንዳይጠየቅ አደረገች። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ የመጠቀም ፈቃዱ ከማስቀመጥ ግዴታው 11 ዓመት ቀድሟል።

የጣሊያኑ አጻጻፍ ከሁሉም ይልቅ ያስደስተኛል። ነሐሴ 2021 የወጣው ሕግ፣ ሥልጠና ሳይኖረው ልቡ ቆሟል ብሎ የጠረጠረውን ሰው ለመርዳት ዲፊብሪሌተር የተጠቀመ ወይም ደረት የጫነ ሰው በአገሪቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 54 እንደሚሸፈን ይናገራል። አንቀጽ 54 ሰውን ከከባድ አደጋ ለማዳን የግድ በሆነበት ሁኔታ የተፈጸመ ድርጊት እንደማያስቀጣ የሚደነግግ ነው። ሕግ አውጪው አዲስ መብት አልፈጠረም፤ ድሮ በሕጉ ውስጥ የነበረውን መከላከያ ወስዶ፣ ይህ አንተን ይመለከታል ብሎ ለመንገደኛው ነገረው።

የእኛ የወንጀል ሕግም ተመሳሳይ መከላከያ አለው። አንቀጽ 75 የራስን ወይም የሌላውን መብት ከተቃረበና ከከባድ አደጋ ለማዳን የተደረገ ድርጊት፣ አደጋውን በሌላ መንገድ ማስወገድ የማይቻል ከነበረ እንደማያስቀጣ ይደነግጋል። ችግሩ ይህ ጥበቃ የሚደርሰው ሰውየው ከተከሰሰና ጠበቃ ካቆመ በኋላ፣ በዳኛ ፊት መሆኑ ነው። ለቅሶ ቤት የቆመው ወጣት የሚያስፈልገው አስቀድሞ የሚያውቀው ጥበቃ ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ አጭር ነው፦ አንቀጽ 575 አንድ ንዑስ አንቀጽ ይጨመርለትና፣ በዚህ አንቀጽ መሠረት በቅን ልቦና እርዳታ የሰጠ ሰው ሆነ ብሎ ወይም በከባድ ቸልተኝነት ጉዳት ካላደረሰ በወንጀል እንደማይጠየቅ በግልጽ ይጻፍ፤ በፍትሐ ብሔር በኩልም ለካሣ ጥያቄ ተመሳሳይ ድንጋጌ ይኑር። በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 መሠረት የወንጀል ሕግ የማውጣት ሥልጣን የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በመሆኑ ይህን ጥያቄ ለጨፌ ኦሮሚያ ወይም ለጅማ ከተማ ምክር ቤት ማቅረብ መንገዱን ያስረዝማል እንጂ አያሳጥርም።

ጤና ጣቢያዎቻችን ተራ መድኃኒት እያጠራቸው ከ1,000 ዶላር በላይ ስለሚያወጣ መሣሪያ ማውራት ቅንጦት ነው የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። ወጪውን በሚመለከት ትክክል ናቸው፤ ዛሬ በጅማ ሆቴሎችና ትምህርት ቤቶች ላይ የግዢ ግዴታ ይጣል ብዬ አልከራከርም። የጥበቃው ድንጋጌ ግን ከመንግሥት ካዝና አንድ ብር አያስወጣም፤ የሚጠቅመውም መሣሪያውን የሚይዘውን ሰው ብቻ ሳይሆን፣ በባዶ እጁ ደረት የሚጫነውን፣ በመኪና የተገጨን ሰው በባጃጁ ጭኖ ወደ ሕክምና ማዕከል የሚሮጠውን ሾፌርም ነው። ይህ ሾፌር ዛሬ ከማንም በላይ የሚፈራው የመጀመሪያው ተጠርጣሪ መሆንን ነው።

መሣሪያው በመጣ ጊዜ ደግሞ የከተማው ድርሻ ይጀምራል። የተቆለፈበት ዲፊብሪሌተር እንደሌለ ይቆጠራል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ የሚጠፉት ደቂቃዎች የታማሚው ናቸውና። ፓዶቹ ሁለት ዓመት ገደማ ሲሞላቸው ጊዜያቸው ያልፋል፣ ባትሪውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ መተካት አለበት፤ ስለዚህ ስሙ የታወቀ ኃላፊ፣ በከተማው የተያዘ መዝገብና በየጊዜው የሚደረግ ፍተሻ በደንብ ሊታዘዙ ይገባል። መሣሪያው የራሱ ባትሪ ስላለው የመብራት መጥፋት አያሳስብም። ይልቁንም የሚያሳስበኝ የሚናገርበት ቋንቋ ነው። በጅማ መነኻሪያ ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ትእዛዝ የሚሰጥ መሣሪያ ግማሽ ጥቅሙን ያጣል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት የሕክምና መሣሪያዎችን ስለሚቆጣጠር፣ በሕዝብ ቦታ የሚቀመጡት ዲፊብሪሌተሮች በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የሚናገሩ፣ ወይም ቢያንስ በሁለቱም ቋንቋዎች የተጻፈና በሥዕል የተደገፈ መመሪያ ያላቸው እንዲሆኑ ቢጠይቅ ትክክለኛው ጊዜ ከመብዛታቸው በፊት ነው።

ቦታ ምረጥ ብባል ስታዲየሙን አስቀድማለሁ። ኳስ ወዳዱ የጅማ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2003 ካሜሩናዊው ማርክ ቪቪያን ፎኤ በሊዮን ሜዳ ላይ ወድቆ መሞቱን አልረሳም፤ ሰኔ 2013 ዓ.ም. ክርስቲያን ኤሪክሰን በኮፐንሃገን ሲወድቅ ደግሞ ደረቱን እየጫኑ በዲፊብሪሌተር ሲያተርፉት በቀጥታ ሥርጭት ተመልክቷል። ከስታዲየሙ ቀጥሎ መነኻሪያው፣ አውሮፕላን ማረፊያውና የሄርማታ ገበያ ይመጣሉ። ሥልጠናውን በተመለከተ፣ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ በማውጣት የታወቀው ጅማ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን አለ።

በረቂቁ ውስጥ በጥንቃቄ መታየት ያለበት አንድ ነጥብ ይቀራል። አንቀጽ 575 በሙያው ወይም በውል የመርዳት ግዴታ ያለበትን ሰው ከተራው መንገደኛ ይበልጥ ይቀጣል። የአሜሪካው ሕግ በበኩሉ በመደበኛ ሥራው ላይ ሆኖ መሣሪያውን የተጠቀመ የጤና ባለሙያን ከጥበቃው ያስወጣል፤ ምክንያቱም እሱ በሙያው መለኪያ ይዳኛል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚመጣ አውቶቡስ ውስጥ እንደማንኛችንም መንገደኛ የተቀመጠች ነርስ በየትኛው ወገን ትቆጠር? ሌሎች ተሳፋሪዎች ዞረው የሚያዩት እሷን ነው፤ በእጇ ያለው ግን ባዶ እጅ ብቻ ነው። ንዑስ አንቀጹ ከሥራ ቦታዋና ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ሆና የረዳችው የጤና ባለሙያ እንደ ማንኛውም ቅን ረዳት እንደምትጠበቅ በስም ጠቅሶ ሊናገር ይገባዋል።