ዳኑብ ዳር ያለው የስም አልባዎች መካነ መቃብር

የቪየናን ቤተ መንግሥትና ሙዚየሞች በአንድ ቀን ጥድፊያ አይቼ ከጨረስኩ በኋላ፣ ከመነሻውም ልቤ የከጀለውን ቦታ፣ በከተማዋ ጠርዝ አልበርን በተባለው ወደብ አጠገብ ያለውን የስም አልባዎች መካነ መቃብር ፍለጋ ወጣሁ። ትኬቱ ያኔ 2.40 ዩሮ ነበር፤ ከሲመሪንግ የሚነሣው አውቶቡስ ግን ዕለቱ እሑድ ስለነበር አልመጣ ብሎ በነፋሱ መሀል እጅግ አማረረኝ። ከወረድኩ በኋላም በግዙፎቹ የእህል ጎተራዎች መካከል መንገዱ ጠፍቶኝ ስዋልል፣ አበባ የያዙ አንዲት አረጋዊት እናት «እኔም ወደዚያው ነኝ» ብለው ይዘውኝ ሄዱ።

የዳኑብ ወንዝ በዚህ በኩል ይሠራው የነበረው አዙሪት ከወንዙ ላይኛ በኩል ውኃ ውስጥ የሞቱትን ሰዎች አስከሬን እያመጣ ዳር ላይ ይተፋ ነበር። ከ1840 እስከ 1900 እ.ኤ.አ. 478 ማንነታቸው ያልታወቀ ሰዎች የተቀበሩበትን የመጀመሪያውን ስፍራ ጎርፍ ደጋግሞ አጥፍቶታል። ከዚያ እስከ 1940 ድረስ በአዲሱ ስፍራ 104 ሰዎች ተቀበሩ፤ የ61ዱ ስም እስከ ዛሬ አይታወቅም። አደጋ የደረሰባቸው አሉ፣ የተገደሉ አሉ፣ ራሳቸውን ያጠፉም ብዙዎች ናቸው። ወደቡ ሲሠራ የውኃው አካሄድ ስለተለወጠ አስከሬን መምጣቱ ቀረ።

መስቀሎቹ ጥቁር ብረት ናቸው፤ ብርማ የክርስቶስ ምስል ተሰቅሎባቸዋል፤ ስማቸው ካልታወቀው ሥር «ስም አልባ» የሚል ትንሽ ሰሌዳ አለ። በአንዱ መቃብር ላይ፣ በ1904 የሞተ ልጅ በሌላ ሰው እጅ ሰጥሞ እንደሞተ በግልጽ ተጽፏል። በገዛ እጁ ስለሞተ ሰው የሚናገር ሰሌዳ ግን ካነበብኳቸው መካከል አላገኘሁም። መቃብሩ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ እንደ ልጁ ካልተጻፈበት በቀር ማን እንዴት እንደሞተ ቆሞ የሚያይ ሰው ሊለይ አይችልም።

ይህን ያከበርኩት የዘመኑን ሕግ ስለማውቅ ነው። በ1917 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሕግ አስቦበት ራሱን ላጠፋ ሰው ቤተ ክርስቲያናዊ ቀብርን ይነፍግ ነበር፤ ክልከላው የቀረው በ1983ቱ ሕግ ነው። እዚህ ግን ዮዜፍ ፉክስ የተባሉ ሰው ያለ ክፍያ መቃብር ሲቆፍሩና ስፍራውን ሲንከባከቡ ኖረዋል፤ በ1935ም አጠገቡ የትንሣኤ ጸሎት ቤት ተሠራ።

እኔ ባደግሁበት አካባቢ ሰው ራሱን አጥፍቶ ሲሞት «ድንገት አረፈ» ይባልና፣ ከምክንያቱ ጋር ሰውዬውም ከወሬ ይወጣል፤ ፎቶው ከግድግዳ ይነሣል፣ እናቱ ፊት ስሙን የሚያነሣ አይገኝም። ምክንያቱን ለአደባባይ አለማውጣት ለቤተሰቡ ማዘን ነው፤ ሰውዬውን እንዳልተወለደ ማድረግ ግን በደል ነው፣ የሚጎዳውም በሕይወት የቀሩትን ነው። አረጋዊቷን ዘመድ እዚህ ተቀብሮባቸው እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «የለኝም፤ ግን ሰው ናቸው» አሉኝና አንዱን መስቀል በመሐረባቸው ጠረጉት።

የአካባቢው ዓሣ አስጋሪዎች በየዓመቱ ከቅዱሳን ሁሉ በዓል ቀጥሎ በሚውለው እሑድ አበባና ሻማ የጫነ ታንኳ መሳይ ተንሳፋፊ እንጨት ሠርተው ወንዙ ላይ ይለቃሉ። በጀርመንኛ፣ በስሎቫክኛና በሃንጋሪኛ የተጻፈበት ቃል፣ ዳር ይዞት የቆመ እንደሆነ ያገኘው ሰው ገፍቶ እንዲያሳልፈው ይለምናል። ቀኑ የሚውለው በፈረንጆቹ ኖቬምበር መግቢያ ላይ ነው፤ ዕድሉን ካገኘሁ ጉዞዬን ከዚያ ቀን ጋር አገጣጥሜ መመለስ እፈልጋለሁ።