ሙላቱ አስታጥቄን ለመስማት ከጅማ በመኪና

የኢትዮ ጃዝ አባት የሚባሉት ሙላቱ አስታጥቄ በ1936 ዓ.ም. የተወለዱት እዚሁ ጅማ ነው። ሲጫወቱ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ የጅማ ሰው ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ መግባት አለበት። እኔም ከጓደኞቼ ጋር በአንዲት ቪትዝ ሄጄ ሰማኋቸው። ለሥራ የሚሄድ ሰው ደክሞ ቢደርስም ጉዳዩን ይፈጽማል፤ እሳቸው የሚጫወቱትን ቫይብራፎን፣ በመምቻ የሚመታውን የብረት ዘንጎች መሣሪያ፣ ለመስማት የሄደ ሰው ግን ደክሞ ከደረሰ የሄደበትን ሳያገኝ ይመለሳል። ሙሉ ቀን የሞተርና የንፋስ ጩኸት ሲሰማ የዋለ ጆሮ ቀጫጭኑን ድምፅ መለየት ያቅተዋል። ስለዚህ ጉዞውን ያቀድሁት መድረኩ ከሚጀመርበት ሰዓት ተነስቼ ወደ ኋላ እየቆጠርሁ ነው፤ ኮንሰርቱ ቅዳሜ ማታ ከሆነ ከጅማ መውጫው ዓርብ ጠዋት ነው።

መጀመሪያ ትኬት። የኮንሰርት ቀን አንዳንዴ ስለሚገፋ ትኬቱን ቀድሜ ገዛሁ፣ የአልጋውን ቀብድ ግን ሳምንት እስኪቀረው ድረስ አልከፈልሁም። ማስታወቂያ ላይ «7:00» ተብሎ ሲጻፍ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ወይስ በእኛ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው፤ በፈረንጅ ከሆነ ከምሽቱ 1 ሰዓት ማለት ነው። ያም ሰዓት በሩ የሚከፈትበት ይሁን ሙዚቃው የሚጀመርበት ለብቻው ይጠየቃል። በስልክ የሚላከው ትኬት ኪውአር ኮድ ካለው ፎቶውን ለማንም አትላኩ፣ ደስ ብሏችሁም ቢሆን ቴሌግራም ላይ አትለጥፉት። በር ላይ ያለው ማሽን የሚያውቀው ቀድሞ የቀረበውን ኮድ ነው፤ ሁለተኛ ሆኖ የመጣው ባለቤቱ ቢሆንም ይመለሳል። አዲስ አበባ ዘመድ ያለው ሰው የወረቀት ትኬት አስገዝቶ ማስቀመጡ ከሁሉም ይሻላል።

መኪናውን ያስፈተሽሁት ከመሄዳችን ሳምንት ቀደም ብዬ ነው። ዋዜማው ላይ ጋራዥ የገባ መኪና ዕቃ ሲጠፋለት እዚያው ያድራል። በዚህ መንገድ ከሁሉ በፊት የሚታየው ፍሬን ነው፤ የፍሬን ሸራው ውፍረት፣ የፍሬን ዘይቱ መጠንና ቀለም። የጠቆረ ዘይት አርጅቷል፣ እርጥበትም ጠጥቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዘይት ቁልቁለት ላይ ሲሞቅ ቶሎ ይፈላል፤ ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ እግር ስር ይለሰልሳል። ቀጥሎ የራዲያተሩ ውሃ፣ ቺንጋው (የሞተሩ ቀበቶ)፣ ከዚያ ጎማ። ስኮርቱ (ተጠባባቂው ጎማ) ንፋስ እንዳለው፣ ክሪኩና የብሎን መፍቻው መኪናው ውስጥ እንዳሉ በዓይን ማየት ያስፈልጋል። «አለ» ተብሎ የሚታመን ክሪክ አሰንዳቦ ላይ አይገኝም።

የጎማ ንፋስ የሚሞላው መኪናው ሳይነዳ፣ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ልኩ የሾፌሩ በር ሲከፈት በሩ አጠገብ ተለጥፎ ይገኛል፤ አራት ሰውና ሻንጣ ሲጫን ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ቁጥር መያዝ ነው። ጊቤ በረሃ ስትደርሱ ጎማው ግሎ ንፋሱ ከልኩ በላይ ቢያሳይ አታስተንፍሱ። እዚያ የተቀነሰ ንፋስ አዲስ አበባ ብርድ ውስጥ ሲገባ ጎማውን ያጎድለዋል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ ጎኑ እየታጠፈ ይግላል፣ አስፋልት ላይ የሚፈነዳውም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው።

ነዳጅ በዋዜማው ማታ ሞላሁ። ጠዋት ማደያ ላይ ሰልፍ ከጠበቀ የቀኑ ስሌት ሁሉ ይፈርሳል። አራት ሰው የጫነች ትንሽ መኪና በዚህ መንገድ በ100 ኪሎ ሜትር ከ6 እስከ 7 ሊትር ትበላለች፤ ለመሄጃ ከ21 እስከ 25 ሊትር መሆኑ ነው። ስለዚህ የሞላ ታንከር አዲስ አበባ አድርሶ ይተርፋል፣ በጀሪካን ቤንዚን መያዝም አያስፈልግም። ክፍያው በቴሌብር ስለሚሆን ስልኩ ላይ ገንዘብ፣ ባትሪውም ላይ ኃይል መኖሩን ማየት አይቀርም። መታወቂያ ሁሉም ተሳፋሪ ይያዝ፤ ኬላም ላይ፣ ፔንሲዮንም ላይ ይጠየቃል። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ከመናኸሪያ ሾፌሮች የተሻለ የሚነግር የለም። ትናንት ማታ የገባ ሾፌር የት ናዳ እንዳለ፣ የት አስፋልቱ እንደተቆረጠ፣ የት ማቆየት እንዳለ ያውቃል። ዓርብ ልሄድ ሐሙስ ማታ ጠየቅሁ፣ ዓርብ ጠዋትም ልወጣ ስል ደገምሁ።

ከጅማ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ብርሃን ሲሆን መውጣት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ ጭጋጉ አይገፈፍም፤ ዘግይቶ መውጣት ደግሞ ሰርቦ ላይ ከከብትና ከባጃጅ ጋር ያጋፋል። ሰርቦን፣ አሰንዳቦን፣ ከዚያ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግልገል ጊቤ አንድ የሚገኝበትን አካባቢ አልፎ ሶኮሩ ይደረሳል። እስከዚህ መንገዱ አይከብድም። ጥንቃቄው በየከተማው መግቢያ ላይ ነው፤ አህያና ሕፃን ከመንገዱ ዳር ሳይሆን ከቆመ አይሱዙ ጀርባ ነው ብቅ የሚሉት። የቆመ ትልቅ መኪና ባያችሁ ቁጥር እግር ከነዳጁ ይነሳ።

ሳጃን አልፎ አበልቲ ላይ ስትደርሱ ቁሙ። ከዚህ ቁልቁል ጊቤ ነው፤ ድልድዩ ያለበት ሸለቆ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ጅማ ግን 1,780 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። እኔ እዚህ ሙዚቃውን አጥፍቼ፣ መስኮቱን ከፍቼ፣ መኪናዋን ከመነሻው በከባድ ማርሽ ያዝኋት። ደንቡ ይህ ነው፦ ቁልቁለቱን ስትወጡት በሚያስፈልጋችሁ ማርሽ ውረዱት፤ እዚህ ሁለተኛ፣ ቀለል ሲል ሦስተኛ። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው ሰው ዘንጉን ከዲ ወደ ኤል ወይም ወደ 2 ያውርደው። ፍሬን አጥብቆ ለጥቂት ሰከንድ ይረገጣል፣ ከዚያ ይለቀቃል። ቀስ አድርጎ ሳይለቁ እስከ ታች መርገጥ ነው ሸራውን የሚያቃጥለው። መስኮቱ የተከፈተው ለአየር ብቻ አይደለም፤ ሸራ ሲግል የተቃጠለ ጎማ የሚመስል የሚኮሰኩስ ሽታ አለው፣ ዓይን ሳያይ አፍንጫ ይደርስበታል።

ሽታው ከመጣ ወይም ፔዳሉ ከለሰለሰ ሰፋ ያለ ዳር ፈልጎ መቆም ነው። ከጎማዎቹ ስር ድንጋይ ይደረጋል፤ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። ውሃ አይደፋበትም። የጋለ የፍሬን ዲስክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያርፍ ዲስኩ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ ከዚያ በኋላ በተረገጠ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል። ባዶ እጅ ወደ ቸርኬው ማስጠጋት ብቻ ሙቀቱን ይነግራል፤ መንካት አያስፈልግም። ኋላችሁ የተጫነ ሲኖትራክ ካለ አሳልፉት። እሱን ከፊት አድርጎ መውረድ ከኋላ አድርጎ ከመውረድ ይሻላል።

ከድልድዩ ወዲያ ወደ ወልቂጤ ያለው አቀበት የራዲያተር ፈተና ነው። ቀኑ ሞቆ መኪናው ሲጫን ኤርኮንዲሽነሩ ይጥፋ፤ የሙቀት መርፌው ከመሃል ማለፍ ከጀመረ ይቆማል፣ ሞተሩ ግን ወዲያው አይጠፋም። ጥቂት ደቂቃ ባለበት ሲሠራ ውሃው እየተዘዋወረ ይበርዳል። ውሃው ጎድሎ ወይም እንፋሎት እየወጣ ከሆነ ግን ወዲያው ይጥፋ። የራዲያተር ክዳን ሞተሩ እንደጋለ የሚከፍት ሰው ፊቱን ይቃጠላል።

ምሳ ወሊሶ ጥሩ ነው፤ ከአዲስ አበባ 114 ኪሎ ሜትር ላይ ናት፣ ከባዱ መንገድም አልቋል። ከዚያ ቱሉ ቦሎ፣ ሰበታ፣ ዓለም ገና፣ አየር ጤና። ሰበታ ከ9 ሰዓት በፊት ካልተደረሰ የሥራ መውጫ ሰዓት መጨናነቅ ውስጥ ይገባል። አዳራሹ ቦሌ አካባቢ ከሆነ መሃል ከተማ ሳይገቡ በቀለበት መንገድ ዞሮ መሄድ ይቀላል። አልጋ ስትመርጡ አዳራሹ በእግር የሚደረስበት ይሁን፤ ግቢና ዘበኛ ያለው፣ መኪናው የሚያድርበት። እኔ የቅዳሜውን ምሽት መኪና ሳላስነሳ ነው ያሳለፍሁት። ኮንሰርት ሲያልቅ ፓርኪንግ ውስጥ ሰዓት የሚፈጀውን ሰልፍ ስላየሁ ደግሜም እንደዚያው አደርጋለሁ።

አሁን ወደ ሙዚቃው። መንገድ ላይ አራቱን ቅኝት ለጆሮ ማስታወስ ጥሩ ስንቅ ነው፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ። ሁሉም አምስት አምስት ድምፅ ናቸው። ትዝታ ሜጀር ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፤ አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ሬ ቢሞል፣ ፋ፣ ሶል ቢሞል፣ ላ (ቢሞል ማለት ድምፁ በግማሽ ዝቅ ሲል ነው)። ሁለቱን ስልክ ላይ በሚጫን የፒያኖ አፕ እየደጋገሙ መስማት ይበቃል፤ ልዩነታቸው አንዴ ጆሮ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ጋሽ ሙላቱ ለንደንና ቦስተን በርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተምረው ሲመለሱ የሠሩት ትልቅ ነገር እዚህ ላይ ነው። የአምስቱን ድምፅ ዜማ ሳይሰብሩ ከሥሩ በአሥራ ሁለቱ ድምፅ የሚሠራ የድምፆች ስምምነት (ሃርመኒ) አስገቡለት። አምስቱን የሚያውቅ ጆሮ ከሥር ያልጠበቀው ድምፅ ሲገባ ወዲያው ይነቃል። እኔ ኢትዮ ጃዝን የምወደው ለዚህች ቅጽበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዮርክ የተቀዳውን አልበማቸውን ከሰርቦ እስከ ሶኮሩ፣ መንገዱ ለስላሳ በሆነበት ክፍል፣ በዝቅተኛ ድምፅ አዳመጥነው።

አዳራሽ ውስጥ የት መቆም ወይም መቀመጥ እንደሚሻል በደንብ አስቤበታለሁ። ቫይብራፎን የብረት ዘንጎች ተደርድረው በመምቻ የሚመቱበት መሣሪያ ነው። ከየዘንጉ ሥር ቱቦ አለ፣ ቱቦው አፍ ላይ በትንሽ ሞተር የሚዞር ክብ ቆርቆሮ አለ፤ ድምፁ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ የሚለው ቆርቆሮው ቱቦውን ሲከፍትና ሲዘጋ ነው። በእግር የሚረገጠው ፔዳል ደግሞ ድምፁ እንዲቆይ ወይም እንዲቆረጥ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ረቂቅ ነገር ከቤዝና ከድራም ጋር ሲሰለፍ በቀላሉ ይዋጣል። መድረኩ ጥግ ከትልቁ ስፒከር ፊት የቆመ ሰው የሚሰማው ቤዝ ብቻ ነው። በጣም ከፊት መሆንም አይረዳም፤ ከመድረኩ ላይ የሚመጣው የድራሙ ድምፅ ይበልጣል፣ ስፒከሮቹም በጎን ያልፋሉ። የተሻለው ቦታ የድምፅ ባለሙያው ሚክሰሩን ይዞ የተቀመጠበት አጠገብ ነው፣ መሃል ለመሃል። ሰውዬው ድምፁን የሚያስተካክለው እዚያ ሆኖ በሚሰማው ልክ ነውና። አዳራሹ ከሰባ ሜትር በላይ የሚረዝም ከሆነ ከሚክሰሩ ትንሽ ወደፊት፣ ቫይብራፎኑ ወደተቀመጠበት ወገን ዘንበል ማለት ነው።

ስለዚህ በር ሲከፈት መድረስ ያስፈልጋል፤ ሙዚቃው ቢዘገይም። ላይተርና ሽቶ ፍተሻ ላይ ሊወሰዱ ስለሚችሉ አልጋ ቤት ይቅሩ። ከፋርማሲ የሚገዛ የጆሮ መሰኪያ ኪስ ውስጥ ይኑር፤ ቦታ ጠፍቶ ስፒከር ሥር ከተገፋችሁ ይጠቅማል። ስልክ አውጥቶ መቅረጽ ካስፈለገ አንድ ቁራጭ ይበቃል። ጋሽ ሙላቱ መምቻዎቹን ከዘንጎቹ ላይ አንስተው የመጨረሻው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ፔዳሉን ሲይዙ ማየት አለ፤ ስልኩ ያንን አይቀርጸውም፣ ጭብጨባው ቀድሞ ይሸፍነዋል። እኔ በበኩሌ ጭብጨባ ከመጀመሬ በፊት ድምፁ እስኪያልቅ እጠብቃለሁ፤ አጠገቤ ያሉትንም እለምናለሁ።

ማታውኑ ወደ ጅማ መነሳት አይታሰብም። እሑድ እንቅልፍ ጠግቦ፣ ቁርስ በልቶ፣ ነዳጅ ሞልቶ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ከአየር ጤና መውጣት ነው፤ ሳይጨልም ጅማ ለመግባት ይበቃል። አዲስ አበባ ብርድ ውስጥ ጎማውን እንደገና ማስለካት አይረሳ። በመመለሻው የፍሬኑ ቁልቁለት ከወልቂጤ በኩል ነው፤ ያው ከባድ ማርሽ፣ ያው የተከፈተ መስኮት። ሁለት ሾፌር ካለ ያንን ክፍል የሚይዘው ማታ በደንብ የተኛው ይሁን።

መኪና የሌለው ሰው ከጅማ መናኸሪያ በጠዋቱ አውቶቡስ ይሂድ፤ ቀኑን ሙሉ እንደሚፈጅ አስቦ ዓርብ ይሳፈር፣ የመመለሻውን ትኬትም ከመሄዱ በፊት ይቁረጥ። ወጪ ለመካፈል በእኛ ዘንድ የሠራው ይህ ነው፦ ነዳጁ ለተሳፋሪዎቹ እኩል ይከፈላል፣ የመኪናው ባለቤት ከነዳጅ ነፃ ነው፤ ጎሚስታና ፓርኪንግ ግን ሁሉም ያዋጣል። ገንዘቡ ከጅማ ሳይወጣ አንድ ሰው እጅ ላይ ይሰብሰብ፣ ማደያ ላይ ሂሳብ መቁጠር ሰልፉን ያስቆጣል።