ካያኩ ቢገለበጥስ? ለባሕር ዓሣ ማጥመድ ዕቃ ስመርጥ

ባሕር ላይ በካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ በሚነዳ ጠባብ ትንሽ ጀልባ፣ ዓሣ ማጥመድ ያማረው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ማጥመጃ ዘንግና ክሩ ስለሚጠቀለልበት ሪል ነው። «የቱን ልግዛ?» እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። ያለኝን ገንዘብ ዘንግና ሪል ላይ አፈሰስኩ፤ የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱን ግን ርካሹን ፈልጌ ገዛሁ። ዛሬ ከዜሮ ብጀምር ቅደም ተከተሉን ሙሉ በሙሉ እገለብጠዋለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አንድ ጠዋት ባሕሩ ጸጥ ብሎ ሳለ ከጀርባዬ ካለው ሣጥን ፒንሳ ላወጣ ዞር አልኩ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላደረግሁም። ክብደቴ ወደ አንድ ጎን አጋደለ፣ አንዲት ትንሽ ሞገድ ከሥር መጣች፣ ብቅ ስል ካያኩ ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ይንሳፈፋል። ሁለት ዘንግ፣ ፒንሳው፣ የመንጠቆ ሣጥኔ፣ ሁሉም ሰመጠ። ሬዲዮ ነበረኝ፤ ግን ያስቀመጥኩት ካያኩ ሆድ ውስጥ፣ ክዳኑ ሥር ነበር፣ ክዳኑ ደግሞ አሁን ውሃ ውስጥ ነው። ውሃው ሞቃት ስለነበረና ነፋሱም ወደ የብስ ይነፍስ ስለነበር በሰላም ተመለስኩ። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ዕቃ ከመግዛቴ በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ካያኩ ቢገለበጥ ይሄ ዕቃ የት ይሆናል?

ስለዚህ የምጀምረው ሰውነት ላይ ከሚሆነው ነው። ጃኬቱን ስትመርጡ የጀርባው ስፖንጅ ከፍ ብሎ የተሠራውን ፈልጉ፤ ታችኛው ክፍል ስስ መረብ ስለሆነ ከካያኩ መቀመጫ ጋር አይጋጭም፣ ቀኑን ሙሉ ብትለብሱትም አይከብድም። የማይመች ጃኬት መጨረሻው መቀመጫው ሥር መወተፍ ነው፣ የተወተፈ ጃኬት ደግሞ የለም ማለት ነው። ደረቱ ላይ ኪስ ይኑረው፤ ፊሽካ፣ በአንድ እጅ የሚመዘዝ ቢላዋ፣ እና ሬዲዮው እዚያ ይቀመጣሉ። ሬዲዮው ውሃ የማያስገባ፣ ቢወድቅ የሚንሳፈፍ የባሕር ቪኤችኤፍ፣ ማለትም ጀልባዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ዓይነት፣ ይሁን። የእጅ ሬዲዮዎች ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ዋት ጉልበት አላቸው፤ የአደጋ ጥሪ የሚደረገው በቻናል 16 ነው። የሬዲዮው ሞገድ የሚጓዘው ቀጥታ በእይታ መስመር ስለሆነ፣ ውሃው ላይ ዝቅ ብሎ ለተቀመጠ ሰው እንደ ትልቅ ጀልባ ሩቅ አይደርስም። ራቅ ብላችሁ የምትወጡ ከሆነ በ406 ሜጋኸርትዝ ለሳተላይት የሚጮኽ የግል የአደጋ ምልክት ሰጪ ጨምሩበት፤ በስማችሁ ማስመዝገብ ግን እንዳትረሱ። ስልክ? ውሃ በማያስገባ ከረጢት ያዙት፣ ግን በእርጥብ ጣት ስክሪን መንካት ምን እንደሚመስል የሞከረ ያውቀዋል።

ልብስም የሚመረጠው በውሃው ሙቀት ነው፣ በአየሩ አይደለም። ውሃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር በ25 እጥፍ ገደማ ፈጥኖ ይወስዳል። ፀሐይዋ ብትሞቅም ውሃው ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ድንገት የወደቀ ሰው በመጀመሪያዋ ደቂቃ ትንፋሹን መቆጣጠር ያቅተዋል። እንዲህ ባለ ውሃ ላይ ሰውነት ላይ የሚጣበቅ ወፍራም የላስቲክ ልብስ (ዌትሱት) ወይም ውሃ ጨርሶ የማያስገባ ሙሉ ልብስ ሳልለብስ አልወጣም።

አሁን ወደ ካያኩ። ለባሕር የምመክረው ከላይ የሚቀመጡበትን ዓይነት ነው፤ የገባው ውሃ ወለሉ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ራሱ ይወጣል፣ ከወደቃችሁም ተመልሶ ለመውጣት ይቀላል። ርዝመቱ ከ3.6 እስከ 4.3 ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። አጭሩ ለመሸከም ይመቻል፣ ሞገድና ነፋስ ሲመጣ ግን ያደክማል። ሰፊው አይወላገድም፣ ግን ይዘገያል። ሁሉንም አንድ ላይ የሚሰጥ ካያክ አላየሁም። ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር ክዳኖቹ ናቸው። ክዳን የሚያስገባው ትንሽ ውሃ በሆዱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲንሸራተት ረጋ ያለውን ካያክ እንኳ ያንገዳግደዋል፣ እናንተም ምክንያቱ አይገባችሁም። ከመግዛታችሁ በፊት ላስቲኩን በጣታችሁ ዳስሱት። ፔዳል ያለው ሁለቱንም እጅ ነፃ ስለሚያደርግ ለማጥመድ እጅግ ደስ ይላል፤ ግን ይከብዳል፣ ጥልቀት በሌለው ቦታና አረም ውስጥም ያስቸግራል። ፔዳል ቢኖራችሁም መቅዘፊያ ሳትይዙ አትውጡ።

ዘንግና ሪል የመጣው አሁን ነው፣ ሆን ብዬ ነው። ዘንጉ 2.1 ሜትር አካባቢ ይበቃል። ዓሣው ከካያኩ ሥር አልፎ ወደ ሌላው ጎን ሲሮጥ ክሩን በካያኩ አፍንጫ፣ ማለትም በፊት ጫፉ በኩል ማዞር መቻል አለባችሁ፣ በጣም አጭር ዘንግ ይህን አያደርግም። እጀታው ግን አጠር ይበል፤ ተቀምጣችሁ ስትታገሉ ረጅም እጀታ ጃኬቱ ላይ ይያዛል። ሪሉ የመጠን ቁጥሩ 4000 ወይም 5000 የሆነ፣ ጨዋማ ውሃ እንዳይገባው የታሸገ፣ ፍሬኑ፣ ማለትም ዓሣው ሲጎትት ክሩን እየያዘ የሚለቀው ክፍል፣ ሳይቆራረጥ ለስለስ ብሎ የሚለቅ ይሁን። የፍሬን ጉልበት ላይ ብዙ አትጨነቁ። መርከብ ላይ ያለ ሰው ከዓሣው ጋር ይጎትታል፣ እኛን ግን ዓሣው ካያኩን ጨምሮ ይጎትተናል፣ ያ ራሱ ያደክመዋል። ክሩ የተጎነጎነው ዓይነት ሆኖ ከ10 እስከ 15 ኪሎ የሚችል ቢሆን ለአብዛኛው የዳርቻ ዓሣ ይበቃል። ጫፉ ላይ ፍሎሮካርቦን የሚባለውን ነጠላ የፕላስቲክ ክር አንድ ሁለት ሜትር እሰሩበት፤ የተጎነጎነው ክር ድንጋይ ሲነካው በቀላሉ ይበጠሳል፣ ፍሎሮካርቦን መፋተግን ይችላል።

መንጠቆ ላይ አንድ ልመና አለኝ። ሦስት አፍ ያላቸውን አውጥታችሁ በአንድ አፍ ተኩ፣ ወደ ኋላ የዞረችውን ትንሿን እሾህም በፒንሳ ጨፍልቋት። ካያክ ላይ ዓሣው የሚመጣው እግራችሁ መካከል ነው። የሚወራጭ ዓሣ፣ ባዶ እግርና ሦስት መንጠቆ አንድ ላይ መሆን የለባቸውም።

መልሕቅን ብዙ ሰው ይንቀዋል፣ እኔ ግን ከዕቃዎቹ ሁሉ አደገኛው እሱ ይመስለኛል። 1.5 ኪሎ የሚሆን ተጣጣፊ መልሕቅ ለካያክ ይበቃል። ችግሩ ገመዱ የሚታሰርበት ቦታ ነው። በጎን ካሰራችሁትና ወራጁ ውሃ ጠንከር ካለ፣ ገመዱ ጎኑን ወደ ታች ስቦ ይገለብጣችኋል። ገመዱን ከተቀመጡበት ሆኖ ወደ አፍንጫው ወይም ወደ ኋላው ጫፍ የሚያንሸራትት መዘውር ያስፈልጋል። መጨረሻው ላይ ተንሳፋፊ አድርጉና በአንድ ጉተታ የሚለቀቅ ይሁን፤ ሲያስጨንቃችሁ ትለቁታላችሁ፣ ኋላ ተመልሳችሁ ታነሡታላችሁ።

ሶናር፣ ማለትም ከውሃው ሥር ያለውን በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ካማራችሁ 12 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ያዙለት፣ ከድሮው የሊድ ባትሪ በጣም ይቀላል። ለመጀመሪያው ዓመት ግን ያለ ሶናርም ይሆናል።

ጨው የሁላችንም ጠላት ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ፣ ደግሞ የማይገባበት የለም። ብሎንና ማያያዣ ስትገዙ «የማይዝግ» የሚለው ቃል ብቻውን አይብቃችሁ፤ 316 የሚባለውን የብረት ዓይነት ጠይቁ፣ ሞሊብዲነም የሚባል ብረት ስላለበት 304 ከሚባለው ከተለመደው ዓይነት የተሻለ ጨው ይችላል። አሉሚኒየም ከማይዝግ ብረት ጋር ተነካክቶ ጨዋማ ውሃ ሲያርሰው አሉሚኒየሙ ይበላል፣ በመካከላቸው ፕላስቲክ ወይም ቅባት አድርጉ። የመጀመሪያ ሪሌ የተበላሸው ዓሣ ታግሎት ሳይሆን ደክሞኝ ሳላጥበው አድሮ፣ ያውም ደጋግሞ፣ ነው። አሁን ቤት እንደገባሁ ፍሬኑን አጠብቄ ለስለስ ባለ ንጹሕ ውሃ አጥበዋለሁ፤ በኃይል የሚረጭ ቱቦ ጨውን ይብስ ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ሲደርቅ ፍሬኑን አላላዋለሁ።

የቀረው ማሰሪያ ነው። መቅዘፊያ፣ ዘንግ፣ ፒንሳ፣ መረብ፣ ሁሉም አጭር ማሰሪያ ይኑረው። ረጅም ገመድ አታድርጉ፣ ስትወድቁ እግር ይጠልፋል። ማዕበል የሚሰበርበትን ዳርቻ ስትሻገሩ ደግሞ ዘንጎቹን አጋድማችሁ እሰሩ ወይም ሆዱ ውስጥ ክተቱ።

ይህን ሁሉ ከገዛችሁ በኋላ ዓሣ ፍለጋ አትሩጡ። ጸጥ ያለና ሞቃት ውሃ ፈልጉ፣ ብትቆሙ እግራችሁ መሬት የሚነካበት፣ አንድ ጓደኛ ዳር ላይ ቆሞ። ዕቃውን ሁሉ ጭናችሁ፣ ውዱን ሪል ብቻ ቤት ትታችሁ፣ ካያኩን ሆን ብላችሁ ገልብጡት። ገልብጣችሁ አስተካክሉት፣ በሆዳችሁ ተስባችሁ ውጡበት፣ እንደገና ገልብጡት። ከዚያ ዞር ብላችሁ ውሃው ላይ ምን እየተንሳፈፈ እንደሄደ እዩ። ለእሱ ማሰሪያ ግዙለት።