ኮፈኗ ለምን ሞቀ?

ያገለገለች መኪና ለመግዛት እያፈላለግኩ ነበር፤ ሻጩ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ሰላም ተባባልን፤ ቁልፉን ከመቀበሌ በፊት ግን እጄን የመኪናዋ ኮፈን ላይ አሳረፍኩ። ለብ ያለ እንኳ አይደለም፣ ይሞቃል።

«ጠዋት ወጣ ብላ ነበር እንዴ?» አልኳቸው።

«ኧረ ከትናንት ከሰዓት ጀምሮ ማንም አልነካትም» አሉኝ፣ ፊታቸው ሳይለወጥ።

ፀሐይ ገና አልወጣችም ነበር። ያኔውኑ ትቻት ሄድኩ ብል ግን ውሸት ይሆናል። ቀለሟ ያብረቀርቃል፣ ውስጧ ታጥቦ ሽቶ ተነፍቶበታል፣ ባለቤቴም ገና ስታያት ወዳታለች። ዞርኳት፣ አስነሳኋት፣ በአንዴ ተነሳች። ያ ሙቀት ግን መዳፌ ላይ ቀረ።

ነገሩን ያስተማረኝ መካኒክ ጓደኛዬ ነው። ሞተር ጉዱን የሚያወጣው ሌሊቱን ቆሞ ሲያድር ነው ይላል። ዘይቱ ሁሉ ወደ ታች ወርዶ ስለሚያድር፣ በተነሳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሰከንዶች የላላ የታይሚንግ ሰንሰለት፣ ማለትም ቫልቮቹና ፒስተኖቹ ጊዜያቸውን ጠብቀው እንዲሠሩ የሚያደርገው፣ ይንኳኳል፤ ያረጁ የቫልቭ ማሸጊያ ጎማዎች ሌሊት ያንጠባጠቡት ዘይት ሰማያዊ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የደከመ ባትሪም ያቃስታል። አንዴ ከሞቀ አብዛኛው ይደበቃል። ስለዚህ ገዢ ከመምጣቱ በፊት ሞተሩን ያሞቀ ሰው አንድም የዋህ ነው፣ አንድም የሚደብቀው አለ። ሰውዬውን «ነገ ሳይነሳ ልምጣ» ብላቸው ሰበብ አበዙ። ተውኳት። ባለቤቴ ለሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ፍለጋውን ስንጀምር ግን ሐሳቤ ሞተር ላይ አልነበረም። ሐሳቤ ወንበር ላይ ነበር። እኔና ባለቤቴ፣ አንድ የ7 ዓመትና አንድ ዓመት ያልሞላት ልጅ፣ ከእኛ ጋር የምትኖረው እናቴ፤ ድምር አምስት። ስለዚህ ባለ 7 ወንበር ካልሆነ አልኩ። እንግዳ ቢመጣስ? የልጄ ጓደኞች ቢኖሩስ? ጓደኛዬ ሳቀና «መጀመሪያ ቁጠር» አለኝ። ቆጠርኩ። ለሦስት ሳምንት አንዲት ደብተር ይዤ በየጉዞው ስንት ሰው እንደነበርንና ምን እንደጫንን ጻፍኩ። ከ46 ጉዞ ውስጥ አምስታችንም አብረን የወጣነው 9 ጊዜ ብቻ ነው። ከአምስት በላይ የሆንነው ሁለት ጊዜ። የሕፃን ጋሪ የጫንነው ግን 31 ጊዜ!

ይቺ ደብተር ክርክሩን ጨረሰችው። ቶዮታ ዊሽን የመሰሉት አነስተኛ ባለ 7 ወንበሮች ሦስተኛው ረድፍ ሲዘረጋ ከኋላው የሚተርፈው ቦታ ጥቂት ቦርሳ ቢይዝ ነው። ረድፉ ከታጠፈ ደግሞ ያው ባለ 5 ወንበር ናቸው። እኔ የምፈልገው አልፎ አልፎ ለሚቀመጥ እንግዳ የሚሆን ቦታ ሳይሆን በየቀኑ ለሚገባ ጋሪ የሚሆን ነው። ፍለጋው ወደ ኋላ ረዘም ወዳሉት ዞረ፤ በመጨረሻ የገዛሁትም የኮሮላ ዘር የሆነችውን ባለ 1.5 ሊትር ፊልደር ነው።

ከዚያ በኋላ መኪና ለማየት ስንሄድ የልጆቹን ወንበሮች፣ ጋሪውንና እናቴን ይዘን ነበር። ሻጮች መጀመሪያ ግር ይላቸዋል፤ ይበላቸው። የሕፃኗ ወንበር ወደ ኋላ የሚዞር ነው፤ ኤርባጉ ከሚሠራ የፊት ወንበር ላይ ፈጽሞ አይታሰርም። የሚገባው ኋላ ነው፣ ኋላ ሲታሰር ደግሞ የፊተኛውን ወንበር ወደ ዳሽቦርዱ ይገፋል። እኔ ረጅም ነኝ፤ ከእኔ ጀርባ ሲታሰር ጉልበቴ መሪውን ነካ። በሌላው በኩል፣ ከእናቴ ወንበር ጀርባ አሰርነው፤ እሷ አጠር ስለምትል ተስማማት። ኋላ መሃል ላይ፣ በሁለቱ የልጆች ወንበሮች መካከል፣ ባለቤቴ ትከሻዋን ሰብስባ ተቀመጠችና «አንድ ሰዓት እችላለሁ፣ ሦስት ሰዓት አልችልም» አለች። የመኪና ካታሎግ ላይ ይህን አታነብም። አይሶፊክስ የሚባለው የልጅ ወንበር ማሰሪያ ያላቸውን መኪኖች ደግሞ በጣት ዳስሶ ማግኘት ይቻላል፤ ከወንበሩ መቀመጫና መደገፊያ መጋጠሚያ ውስጥ፣ በ28 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተተከሉ ሁለት ቀጫጭን ብረቶች ናቸው። «አለው» ካሉኝ ሻጮች አንዱ ጋ ጣቴን ብሰድ ያገኘሁት የደረቀ ብስኩት ነው።

እናቴ የነበራት ፈተና ሌላ ነው። ሁሉም ሰው መግባቷን ያያል፤ እኔ መውጣቷን ነው ያየሁት። ከፍ ባለችው ጂፕ መሰል መኪና ለመግባት እጄን ያዘች፤ በጣም ዝቅ ካለችው ደግሞ ለመነሳት ሦስት ጊዜ ሞክራ በአራተኛው በሩን ተንጠልጥላ ወጣች። «ልጄ፣ ይቺ ቁጭ ታደርጋለች እንጂ አታስነሳም» አለችኝ። ፊልደሯ ላይ ግን ወንበሩ ዳሌዋ ጋ ነበረ፤ ዞር ብላ ተቀመጠች፣ ዞር ብላ ተነሳች፣ ምንም አላለችም። እናቴ ምንም ካላለች ወዳዋለች ማለት ነው።

አሁን ወደ አስተማማኝነቱ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ነው የተሳሳትኩትም የተማርኩትም። የሥራ ባልደረባዬ «ቶዮታ ከሆነ ዓይንህን ጨፍነህ ግዛ» ብሎኝ ነበር። ስም ዋጋ አለው፤ መለዋወጫም የሚያውቃት መካኒክም በቀላሉ ይገኛል። ግን አሥር ዓመት ከተነዳች በኋላ ያንኑ ሞዴል ሁለት መኪና ብታይ አንዷ ጤነኛ፣ አንዷ በሽተኛ ናት። ጓደኛዬ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፤ «መኪና የምታረጀው በስሟ አይደለም፣ በዘይቷ ነው።» እኛ የገዛናት ዓይነት ሞተር በቺንጊያ ፈንታ ሰንሰለት አለው፤ ቺንጊያ ያላቸው ብዙዎቹ በ100 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ መቀየር አለባቸው፣ ከተበጠሰ በብዙ ሞተሮች ላይ ቫልቮቹን ከፒስተን ያጋጫል። ሰንሰለት ይህ ቀጠሮ የለውም፤ ነገር ግን ዘይቱ በጊዜው ካልተቀየረ ይላላል። ሲላላ ደግሞ የሚንኳኳው መቼ ነው? ጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ። የሞቀው ኮፈን ለምን እንዳስጨነቀኝ አሁን ይገባችኋል።

የኪሎ ሜትር ቁጥር ላይ ብዙ አልተማመንኩም፤ ዲጂታልም ቢሆን ወደ ኋላ ይመለሳል። 11 ዓመት የተነዳች፣ 78 ሺህ ብቻ የሚያሳይ አንዲት መኪና አይቼ ነበር። ጎንበስ ብዬ የፍሬን ፔዳሉን አየሁት፤ የጎማው ቀኝ ጠርዝ ተበልቶ ብረቱ ፈጦ ነበር። መሪው ላይ እጅ የሚያርፍበት ቦታ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። እግርና እጅ አይዋሹም፤ ያን ያህል መበላት ከ78 ሺህ አይመጣም።

ሌላው የወደድኩት ዘዴ ኮምፒውተር መሰካት ነው። ከመሪው ሥር ባለው ሶኬት መመርመሪያ ሲሰካ ብዙ ሰው የሚያየው የስህተት ኮድ መኖር አለመኖሩን ነው። ከኮዱ ይልቅ የሚበልጠው መኪናዋ በራሷ የምታደርጋቸው ፍተሻዎች ተጠናቅቀዋል ወይስ አልተጠናቀቁም የሚለው ነው። ኮድ ሲጠፋ ወይም ባትሪ ሲነቀል እነዚህ ፍተሻዎች እንደገና ከዜሮ ይጀምራሉ፤ እስኪጠናቀቁ ድረስ መኪናዋ ለተወሰኑ ቀናት መነዳት አለባት። «ንጹህ ናት፣ አንድም ኮድ የለም» በተባለችው ሦስተኛዋ መኪና ላይ ግማሾቹ ፍተሻዎች ገና አልተጠናቀቁም ነበር። ምን ተደምስሶ እንደነበር አላወቅኩም፤ ማወቅም አላስፈለገኝም።

ፊልደሯ የአንድ አዛውንት ነበረች። ጣሪያዋ ላይ ቀለሟ ደብዝዟል፣ የግራ በሯ ተጭሯል፤ ባለቤቴ አይታት «ይቺ?» አለች። አዛውንቱ ግን «ሌሊቱን ውጭ አድራለች፣ እርስዎ ራስዎ ያስነሷት» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ። ኮፈኗ በረዶ ነው። ጓደኛዬ ከኋላ ጭሱን ሲያይ እኔ አስነሳኋት፤ ድምፅዋ ወዲያው ተረጋጋ። ቀጥለው የላስቲክ ማህደር አወጡ፤ ዘይት የተቀየረበት ወረቀት ከነኪሎ ሜትሩ፣ ከቀን ቀን ተደርድሯል። የካምቢዮ ዘይቱም ሳይቀር ነበረ፤ ሲቪቲ ካምቢዮ፣ ማለትም በደረጃ የተከፈለ ማርሽ የሌለው አውቶማቲክ፣ የራሱ ዘይት አለው፤ የሌላ አውቶማቲክ ዘይት ቢገባበት ሊገድለው ይችላል። ሬዲዮ አጥፍተን፣ መስኮት ዘግተን 45 ደቂቃ ነዳናት። ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙሬ በግራም በቀኝም ዞርኩ፤ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከጎማው ዘንግ መገጣጠሚያ ቢመጣ ኖሮ እዚያው ይሰማ ነበር። መሪውን ለቀቅ አድርጌ ፍሬን ያዝኩ፤ ወደ የትም አልሳበችም። የዚያኑ ቀን ተስማማን።

አሁን ስህተቴ። ጎማዎቹን አየሁ፤ ጥርሳቸው ጥልቅ ነው፣ ደስ አለኝ፣ አለፍኩ። በመጀመሪያው ዝናብ ቀስ ብዬ ፍሬን ስይዝ መኪናዋ እንደ ሳሙና ተንሸራተተች። የገጨነው ነገር የለም፤ የእናቴ ልብ ግን ለሳምንት አልተመለሰም። ጎሚስታው ጎንበስ ብሎ ከጎማው ጎን ያለችውን የተከበበች አራት አሃዝ ጠቆመኝ፤ 2213። በፈረንጆቹ 2013 ዓመት በ22ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። 11 ዓመት! ትንሽ የሚነዱ አዛውንት ስለነበሩ ጥርሱ አላለቀም፣ ጎማው ግን ደርቆ ደንድኗል። ብዙ አምራቾች ጥርሱ ቢኖርም ከ10 ዓመት በላይ እንዳይነዳበት ይመክራሉ። ትንሽ የተነዳች መኪና ሁሉ ጥሩ ናት የሚለው ሐሳቤ ያን ቀን ተሰነጠቀ። አራቱንም ቀየርኩ፤ ስኮርት ጎማዋንም ሳይቀር። ለጥገና የለየሁት ገንዘብ፣ እሱም የመግዣዋ አንድ አሥረኛ ነበር፣ እዚያው አለቀ። አዛውንቱን አልወቅስም፤ እሳቸው አልደበቁኝም፣ እኔ አላነበብኩም።

ከዚያ የፍሬን ዘይቱን አስቀየርኩ፤ ከአየር እርጥበት ስለሚስብ መኪና ብትቆምም ያረጃል። ባልሳሳት አሁን ሁሉም ነገር ሰላም ነው እያልኩ ሳለ ከኋላ ድምፅ መጣ። ጉድጓድ ስገባ ከቀኝ በኩል ቋ፣ ቋ። ሾክ አብዞርበር ነው አልኩ፤ ማታ ማታ ዋጋውን እየጠየቅኩ፣ በሐሳቤ መኪናዋን እየሸጥኳት ሁለት ሳምንት አለፈ። ጓደኛዬ ጋ ወሰድኳት። ኋላዋን ከፍቶ ምንጣፉን አነሳ፣ እጁን ሰደደና አንዲት ብረት አውጥቶ አሳየኝ። ስኮርት ጎማዋን ስናስቀይር መልሰን ያላሰርነው ክሪክ ነበር።